ሁለት በእጅ

ታፔላውን ግድግዳው ላይ የያዙት አራት ብሎኖች ነበሩ። ሦስቱ ዝገው ከቆርቆሮው ጋር አንድ አካል ሆነዋል። ወንድምየው መሰላል ላይ ወጥቶ ሲታገላቸው ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። መሰላሉን ከታች የያዘችለት እህቱ ናት።

«እታለም፣ ዘይት አቀብዪኝ እስቲ።»

«ቅድም ነግሬሃለሁ። ዘይት ጠብ ታደርግና ሩብ ሰዓት ትጠብቃለህ። በጉልበት አይሆንም።»

«መኪናው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት የተሰቀለ ነገር ሩብ ሰዓት ቢጨምር መኪናው አይሞትም። ውረድ።»

አስወረደችው። ራሷ ወጥታ በየብሎኑ ዘይት ጠብ አደረገች፤ ወርዳ እጇን ጠረገች፤ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። ከዚያ ልኩን ቁልፍ መርጣ ሰጠችው። ብሎኖቹ አንድ በአንድ እያቃሰቱ ወጡ። «አባትና ልጅ ዲናሞ ጥቅለላ» የሚለው ቆርቆሮ ወርዶ ግድግዳው ሥር ተደገፈ። በስተጀርባው ፀሐይ ያልነካው፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ቀረ።

አባታቸው በሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ እንጂ ፊት አይለዩም። የብሎኑን ድምፅ ግን እየቆጠሩ ነበር።

«አራተኛው ወጣ?» አሉ።

«ወጣ፣ አባዬ።»

«በሉ፣ ይቅናው።»

ታፔላውን ለልጃቸው የሰጡት እሳቸው ናቸው። ያጻፉት እሱ የተወለደ ሳምንት ነው፤ «ልጅ» የተባለው እሱ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ሱቅ ሲከፍት ስሙ አብሮት ይሄዳል። ነገሩ ለሳቸው ይህን ያህል ቀላል ነበር። ታፔላው ሲጻፍ እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና የቀለም ቆርቆሮ ይዛ ቆማ ነበር። ያን ያስታወሰ የለም፤ እሷም አላነሣችውም።

ጉዳዩ የቆርቆሮ ቢሆን ኖሮ ግድ ባልሰጣት። ደንበኛ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ያን ስምና የወንድሟን ፊት። ሁለቱም ዛሬ ጭነው ዋናው መንገድ ዳር ወዳለው ባለ መስታወት ሕንፃ ሊሄዱ ነው። እሷ ጋ የሚቀረው አሮጌው ቤት፣ የሥራ ጠረጴዛው፣ ማጠንጠኛውና ማንም አይቶት የማያውቅ እጅ ነው። በዚህ ሥራ ይቀጥላል ወይስ በሩ ይዘጋል? ጥያቄው ይኸው ነበር።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ዲናሞ ሲቃጠል ሆዱ ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ ይከስላል። ከስሎ የተጣበቀውን ፈልቅቆ ማውጣት፣ ሽቦው የሚተኛባቸውን ቦዮች በብሩሽ ማጽዳት፣ በየቦዩ ወረቀት ማንጠፍ፣ አዲሱን ሽቦ በቁጥር ጠምጥሞ አንድ በአንድ ማስተኛት፣ ጫፍ ጫፉን በክር ማሰር፣ ቫርኒሽ ማጠጣት፣ ማድረቅ። አንድ ዙር ብትሳሳት ዲናሞው ያጉረመርማል። አንድ ቦታ ሽቦው ቢላጥ ፊት ለፊትህ ይጤሳል። ዋሽተህ የምታልፍበት ሥራ አይደለም።

ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የአባቷ ዓይን እምቢ ሲል ሃያ አንድ ሆኗት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚያ በር የወጣውን ዲናሞ ሁሉ የጠቀለለችው እሷ ናት። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ራት ሲቀርብ «ክብርት ጠቅላይ፣ ካቢኔው ተሰብስቧል» ይላታል። ሰፈሩም ከሱ ሰምቶ ጠቅላይዋ ማለት ጀመረ። ያ ግን የሰፈር ወሬ ነው። ደንበኛ ዘንድ አይደርስም።

አይደርስም፣ ምክንያቱም ቤቱ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከፊት የወንድሟ ጠረጴዛና ስልክ፣ መሐል ላይ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ፣ ከኋላ እሷ። ደንበኛ የተቃጠለውን አምጥቶ ከፊት ያወርዳል፤ ዲናሞው ከግድግዳው ጀርባ ይጠፋል፤ በሦስተኛው ቀን ታድሶ ይመጣል። ወንድሟ አፉ ለስላሳ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የደንበኛ ልጆች ስም ሳይቀር የሚያስታውስ ሰው ነው። ኢንጂነሩ ይሉታል። ኢንጂነሩ ግን በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቦይ ሽቦ አስተኝቶ አያውቅም።

«እጅህ ይባረክ ኢንጂነር!» ይላል ደንበኛው ከፊት።

ከግድግዳው ጀርባ እሷ ክር በጥርሷ ነክሳ፣ «አሜን» ትላለች።

ታፔላው መኪና ላይ ከወጣ በኋላ ኢንጂነሩ ተመልሶ ገባ።

«እታለም፣ መዝገቡንም ፎቶ ላነሣው ፈልጌ ነበር።»

መዝገቡ ዘይት የጠገበ ወፍራም ደብተር ነው። የሁለት መቶ ምናምን ዲናሞ ልክ በሷ እጅ ተጽፎበታል፤ የዙሩ ብዛት፣ የሽቦው ውፍረት፣ ሽቦው ስንተኛው ቦይ ገብቶ በስንተኛው እንደሚወጣ።

«ማን ሊሠራበት?»

«ሁለት ጠቅላዮች ቀጥሬያለሁ። ከሌላ ከተማ ነው ያመጣኋቸው።»

«የመጣውን ዲናሞ ሲፈቱ ሽቦውን ይቁጠሩ። መዝገብ አይፈልጉም።»

«ቁጠራ ጊዜ ይፈጃል። መዝገቡ ካለ አሮጌውን አቃጥሎ ማውጣት ነው። እኔ የምፈልገው ፍጥነት ነው፤ በአንድ ቀን ገብቶ በአንድ ቀን እንዲወጣ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባዬ ትስጥህ ብለውኛል።»

ወደ አባቷ ዞር አለች። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ያልተኛ ሰው አተኛኘት ነው።

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ገጹን እየገለጠችለት በስልኩ አነሣው። ገጽ በገጽ፣ አንዱንም ሳታስቀር። ተናዳለች፤ ግን በንዴት ገጽ ዘለለች እንዳትባል ጥንቃቄዋ ከወትሮው ባሰ።

ከዚያ ወዲያ አሥራ ሰባት ቀን አለፈ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የገባው ሥራ አንድ የቤት ማራገቢያና አንድ የልብስ ስፌት ሞተር ነው። የስፌት ሞተሩ ደግሞ የአክስቷ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ታፔላ ጻፊውን ጠራችው። ጢሙ ላይ ሁልጊዜ የሆነ ቀለም የማይጠፋ፣ ሙያውን የሚያከብር ሽማግሌ ነው። አዲስ ቆርቆሮ አምጥቶ ብሩሹን እያሸ ጠበቃት።

«እውነተኛው አባትና ልጅ በሚል ይጻፍ» አለ ባሏ፣ የዕረፍት ቀኑ ስለነበር እግሩን ዘርግቶ።

«በዚህ ወር ብቻ ሦስት እውነተኛ ጽፌያለሁ» አለ ታፔላ ጻፊው። «ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው።»

«ዘመናዊስ?»

«ዘመናዊ ያልኳቸው ሁሉ ቀለማቸው ሲላጥ እያሳፈረኝ ነው። ኢንተርናሽናል ልጨምርበት?»

«ጋሼ» አለች ጠቅላይዋ፣ «አንድ ደንበኛ እንኳ የማያውቀኝ ሰው ነኝ እኮ።»

«ኢንተርናሽናል የሚያስፈልገው ለማይታወቅ ነው፣ ልጄ። የሚታወቅማ ምን ያደርግለታል?»

ሳቁ። እሷም ሳቀች። ስሙ ግን አልመጣላትም። የሷ ያልሆነ ነገር ለመጻፍ ደግሞ እጇ እሺ አላላትም።

«ነጭ ቀብተው ይስቀሉት።»

«ባዶውን?»

«ባዶውን። ስሙ ሲመጣ እጠራዎታለሁ።»

«አርባ ዓመት ስጽፍ ባዶ ታፔላ ሰቅዬ አላውቅም። ሰው ቢያይ ሽማግሌው ፊደል ጠፋው ይለኛል።» እያጉረመረመ ቀብቶ ሰቀለው።

ሌላውን ሥራ ግን ማንንም አላስጠበቀችም። ባሏን መዶሻና የሚስማር መንቀያ አስያዘችው። «ይህን ግድግዳ አንሣልኝ።»

«የቱን?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጋረደኝን።»

ኮምፔርሳቶው በአንድ ከሰዓት በኋላ ወረደ። አቧራው ከጠራ በኋላ ከባድ ጠረጴዛዋን ጎትተው በሩ አፍ ላይ አደረጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ያለፈ ሁሉ ያያታል፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ፣ ሽቦ በሁለት እጇ፣ የአክስቷ የስፌት ሞተር ፊቷ ተዘርግቶ። የልጆች መጫወቻ የሚያክል ሞተር ነው። እሷ ግን የፋብሪካ ሞተር እንደያዘ ሰው ቀጥ ብላ ትሠራለች።

አንድ ጎረምሳ ቆሞ አያት። «ሹራብ ነው የምትሠሪው፣ እትዬ?»

«አዎ። የእናትህ ፍሪጅ ብርድ መታው አሉኝ።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። በማግሥቱ እናቱ የውሃ መሳቢያ ይዛ መጣች። ሥራ ቁጥር ሦስት።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ባለ ወፍጮዋ መጡ። ሰፋ ያሉ፣ ድምፃቸው ወፍጮ የለመደ፣ ሹክሹክታቸው እንኳ ሦስት በር የሚሰማ ሴት ናቸው። ከኋላቸው ሁለት ተሸካሚዎች በእጅ ጋሪ ትልቅ ዲናሞ ይገፋሉ። ቃጠሎው ከሩቅ ይሸታል።

«ማነው እዚህ ያለ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ኢንጂነሩን አይደለም የምፈልገው። እሱ ጋ ሄጄ ነው የመጣሁት። ከጠቀለለልኝ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ትናንት ጢሱ ወፍጮ ቤቱን ሞላው፤ ሰው እህሉን ትቶ ሮጠ። ዛሬ ስሄድ ማክሰኞ ይምጡ ይለኛል። ማክሰኞ! እህል ከነጆንያው በሬ ላይ ተከምሮ!» ትንፋሽ ወሰዱ። «ከፍተሽ እዪልኝ። የሞተ ከሆነ ልቅበረው።»

ጠቅላይዋ ብሎኖቹን ፈታች፤ ሽፋኑን መታ መታ አድርጋ አወለቀች፤ መብራት ወደ ውስጥ አስገባች።

ቦዮቹ ግማሽ ባዶ ናቸው። በየቦዩ የተኛው ሽቦ ነጠላ ነው፤ ቀጭን ነጠላ ሽቦ። የቀረው ቦታ በታጠፈ ወረቀትና በቀርከሃ ሽብልቅ ተሞልቷል። የሽቦውን ውፍረት በማይክሮሜትር ለካች። ልኩ የሷ ነው። ዙሩን ቆጠረች። ዙሩም የሷ ነው። ሁሉም መዝገቡ ላይ እንዳለው ነው።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባትና በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

አባቷ ጠረጴዛውን ሲመሠርቱ ወፍራም ሽቦ የሚያመጣ ነጋዴ አልነበረም። ስለዚህ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ጎን ለጎን ይዘው እንደ አንድ ይጠመጥሙ ነበር። ኋላ ወፍራሙ ሲመጣም አልተዉትም፤ ሁለት ቀጭን ቦይ ውስጥ እንደ ልብ ይተኛል፣ አይሰበርም። ሁለት በእጅ ይሉታል። እሷም የተማረችው እንዲሁ ነው። ደብተሩ ላይ የጻፈችው የአንዱን ቀጭን ሽቦ ውፍረት ብቻ ነው። ሁለት መሆኑን አንድም ገጽ ላይ አልጻፈችም፤ ሰው እርምጃውን ሲቆጥር ሁለት እግር እንዳለው አይጽፍም። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ግን በምን ይወቀው? ግማሽ መዳብ የገባለት ዲናሞ ባዶውን ሲሽከረከር ደህና ይመስላል። ጭነት ሲመጣበት ይግላል፤ ይግላል፤ ከዚያ ይጤሳል።

«ምነው? ሞቷል?»

«አልሞተም። ግማሽ ሽቦ ነው የገባለት። ጥፋቱ ደግሞ ግማሹ የኔ ነው፣ እትዬ።» የመዝገቡን ነገር ከነምክንያቱ ነገረቻቸው።

ባለ ወፍጮዋ ቅንድባቸውን አንሥተው አዳመጡ። «ቆይ፣ ቆይ። እና አሥር ዓመት ሙሉ የጠቀለለልኝ ማነው?»

«እኔ።»

«አንቺ?» ከእግር እስከ ራስ አዩዋት። «ልጄ፣ ወንድምና እህት ተጣልታችሁ እኔን መሐል አታስገቡኝ። እኔ አሥር ዓመት ያመንኩት የኢንጂነሩን እጅ ነው።»

«ሁለተኛው ዲናሞዎ እየሠራ ነው?»

«የበርበሬ ወፍጮው? እሱን ነው የማመሰግነው። ከተጠቀለለ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ተነክቶ አያውቅም።»

«እንሂድና ይከፈት። ከመከፈቱ በፊት ሆዱ ውስጥ ያለውን እነግርዎታለሁ። ከተሳሳትኩ ዲናሞዎን ይዘው ማክሰኞን ይጠብቁ።»

ሄዱ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እህል ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ተከትሎ ገባ፤ ሥራ የቆመበት ሰው ጨዋታ አይጠላም። ጠቅላይዋ ሁለተኛውን ዲናሞ ሳትነካው ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ቆመች።

«ሽቦው ሁለት ሁለት ነው፣ ጎን ለጎን። ክሩ የሚታሰረው በየሦስተኛው ቦይ ነው፤ ቋጠሮው ወደ ውስጥ ይዞራል።» አሰበች። «ክሩ ደግሞ ቀይ ነው። ያን ሳምንት ነጩ አልቆብኝ በቀይ የመጋረጃ ክር ነው ያሰርኩት።»

«ቀይ?» አለ የወፍጮው ሠራተኛ። «በቀይ የታሰረ ዲናሞ አይቼ አላውቅም።»

«ክፈታ!» ጮኹ ባለ ወፍጮዋ።

ብሎኖቹን ፈታ፤ ሽፋኑን ሳበ። ዱቄት የለበሰ ፊቱን ወደ ውስጥ አስገባ። ቀና ሲል ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ነበር።

«ቀይ ነው!»

ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ባለ ወፍጮዋ ራሳቸው አጎንብሰው አዩ፤ በጣታቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቦይ ቆጠሩ፤ ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እንግዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የመረቅሁት የማላውቀውን እጅ ነው?»

«ደርሶኛል፣ እትዬ። ከግድግዳው ጀርባ አሜን እል ነበር።»

ዲናሞውን በሁለት ቀን አደረሰችው። የመጀመሪያውን ቀን ፈልቅቃ፣ አጽድታ፣ ወረቀት አንጥፋ፣ ሽቦውን አስተኛች። በሁለተኛው አሰረች፣ ቫርኒሽ አጠጣች፣ አደረቀች። በር ላይ ተመልካች አልጠፋም፤ አንዳንዱ ወንበር ይዞ መጣ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ወፍጮው ላይ ተገጠመ። ሠራተኛው ማብሪያውን ሲጫን ዲናሞው አንድ ጊዜ አቃሰተና ተነሣ፤ ድምፁ ቀጥ ያለ፣ የማያጉረመርም።

«እህል አስገቡበት» አለች። «ሙሉ ጭነት። አትራሩለት።»

አምስት ጆንያ ተፈጨ። አሥር ተፈጨ። አምፔሩን ለካች፤ ልኩ ላይ ነው። ባለ ወፍጮዋ መዳፋቸውን የዲናሞው ጀርባ ላይ አሳርፈው ቆዩ፤ የልጅ ግንባር እንደሚነካ እናት።

«ለብ ብሎ ቆሟል» አሉ። ቀጥሎ ወደሷ ዞሩ። «ስሚ፣ ዛሬ ለማውቀው ሰው ሁሉ እደውላለሁ። ለባለ ዳቦ ቤቱ፣ ለባለ እንጨት መሰንጠቂያው፣ ለሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ። ማን ሠራልሽ ሲሉኝ ምን ልበል? ታፔላሽ ባዶ ነው።»

እጇ ላይ የተረፈ ሽቦ ነበር፤ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ሁለት በእጅ ይበሉ።»

«ሁለት በእጅ» ባለ ወፍጮዋ አፋቸው ውስጥ አገላበጡት። «የሆነ ጉልበት አለው። ጥሩ።»

በማግሥቱ ወደ ባለ መስታወቱ ሕንፃ ሄደች። አባትና ልጅ የሚለው አሮጌ ቆርቆሮ ከውስጥ ግድግዳ ላይ ለጌጥ ተሰቅሏል፤ ከውጭ መብራት የሚበራበት አዲስ ታፔላ ተሰቅሏል። ወንድሟ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ «ማክሰኞ፣ ማክሰኞ» ይላል። ሲያያት ደንግጦ ሁለቱንም ዘጋ።

«መጣሽልኝ? ሳቂብኝ እንግዲህ።»

«ለሳቅ ጊዜ የለኝም። ስንት ዲናሞ አስወጣህ?»

«አሥራ ሁለት። አንዱ የባለ ወፍጮዋ ነው።»

«አሥራ አንዱ ይቃጠላል። አንዱ ሰው እጅ ላይ ሳይነድ መልሰህ ሰብስባቸው።»

ከጠቅላዮቹ አንዱ ከኋላ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ቦዩ ግማሽ ባዶ ነው ብዬ ነበር። መዝገቡ ያውቃል፣ ወረቀት ጠቅጥቅበት አለኝ።»

«አንተ ዝም በል!» አለ ኢንጂነሩ። ወደ እህቱ ሲመለስ ድምፁ ወረደ። «ምስጢር ደብቀሽ ነው የሰጠሽኝ?»

«ገጹን ማን ገለጠልህ? አልደበቅሁም፤ ልጽፈው ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሰምተህ ያዘው። ሁለት በእጅ ነው። የተጻፈውን ሽቦ ሁለት አድርገህ ነው የምትጠመጥመው። ሌላ ምስጢር የለም።»

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ለደቂቃ የተተኮሰው ሸሚዙ እንኳ የተጨማደደ መሰለ።

«በነፃ ነገርሽኝ?»

«ይህን በነፃ። ቀጥሎ ያለው ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። አሥራ አንዱ እኔ ጋ ይመጣል፤ እነዚህም ሰዎች አብረው ይመጣሉ፤ ቦዩ ባዶ መሆኑን ያየ ዓይን ይጠቅመኛል። አንተ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ትደውላለህ። ማን እንደሚጠቀልለው፣ እስከዛሬም ማን ሲጠቀልል እንደነበረ በራስህ አፍ ትነግራለህ።»

«እታለም፣ ኢንጂነር ነው የሚሉኝ እኮ።»

«ይበሉህ። ኢንጂነር ፓምፕ ይሽጥ። አንተ ለዓሣ ውሃ መሳቢያ የምትሸጥ ሰው ነህ፤ ያን ስጦታህን ለምን በጢስ ታበላሸዋለህ? ጥቅለላ የሚለውን ከመብራቱ ላይ አውርደው። ሲቃጠል ወደኔ ትልካለህ፤ አዲስ ሲፈልጉ ወዳንተ እልካለሁ።»

ስልኩን አነሣ። የመጀመሪያው ባለ ዳቦ ቤቱ ነበር።

«ሃሎ... ደህና ነዎት? ልጆች ደህና? ትንሿ ጥርሷ ወጣ?... እግዜር ይመስገን። ያ ዲናሞ... አዎ... አይ፣ እስካሁን ደህና ነው፣ ግን አጥፍተው ይላኩት። ስህተት አለበት። እህቴ ጋ ነው የሚሠራው።» ላቡን ጠረገ። «የቀድሞውም... የቀድሞውም በሷ ነው የተሠራው። ሁሉም። አይ፣ እኔ አይደለሁም... እኔ ከፊት ነበርኩ።»

ቆማ አሥራ አንዱንም ሰማች። አራተኛው ላይ አልተንተባተበም። ሰባተኛው ላይ «እህቴን ያላያችሁ ብዙ ቀርቶባችኋል» ሲል ተሰማ፤ ሰባተኛው ላይ እንግዲህ መሸጥ ጀምሯል።

ዲናሞዎቹ በሁለት ቀን ውስጥ ገቡ። ከጠረጴዛው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መንገዱ ተሰለፉ። ባለ ወፍጮዋ የላኳቸው ደግሞ በሌላ ሰልፍ። ሁለቱ ጠቅላዮች ፈልቃቂ፣ እሷ አስተኚ። አባቷ ወንበራቸውን ጠረጴዛው አጠገብ አስጠጉና እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ አንዱን።»

ቫርኒሽ ያልነካውን የዳቦ ቤቱን ዲናሞ ሆድ እጃቸው ሥር አደረገችላቸው። ጣታቸው በየቦዩ እየገባ እየወጣ ዞረ። ሙሉ ነው፤ ጥፍር አያስገባም። ክሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህን ቋጠሮ እኔ አላስተማርኩሽም።»

«እርስዎ ወደ ውጭ ነበር የሚያዞሩት። ሽፋኑ እየነካ ያሻክረዋል። ወደ ውስጥ ሳዞረው አይነካም።»

ጣታቸው ደግሞ ዞረ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ጀምሮ።»

«ይሻላል» አሉ አባትየው። ከአፋቸው እንዲህ ያለ ቃል ለማንም ጠቅላይ ወጥቶ አያውቅም። «ከኔ ይሻላል። ታፔላ ጻፊውን ጥሩት፤ ክፍያው በኔ ነው።»

ሽማግሌው ብሩሹን ይዞ መጣና መሰላሉ ላይ ወጣ። «ፊደል ጠፋው ያለኝ ሁሉ ይምጣና ይይ» እያለ፣ በነጩ ላይ በጥቁር፣ ትልልቅ አድርጎ ጻፈ፤ «ሁለት በእጅ ዲናሞ ጥቅለላ»። ባሏ ከመንገድ ማዶ ቆሞ «ትንሽ ወደ ቀኝ! አይ፣ ወደኔ ቀኝ!» እያለ ያውከዋል።

«ልጄ፣ ሁሉም ያነበዋል እኮ» አለ ታፔላ ጻፊው ከላይ ሆኖ። «የሥራሽን ዘዴ በር ላይ መጻፍ አይጎዳሽም?»

«ማንበብ ሌላ፣ ማስተኛት ሌላ ነው፣ ጋሼ። የፈለገ ይሞክረው።»

ቀለሙ ሳይደርቅ አንዲት የጭነት መኪና መጥታ ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመች። ከዚህ በፊት ሰፈሩ አይቶት የማያውቅ፣ አቧራ የለበሰ ሰው ዘለለ። መኪናው ላይ ሦስት የመስኖ ፓምፕ ዲናሞዎች ታስረዋል። ወደ በሩ ቀረበና ሁለቱን ጠቅላዮች፣ ሽማግሌውን፣ ባሏን ተራ በተራ አየ።

«ከሩቅ ነው የመጣሁት» አለ። «ጠቅላዩ የቱ ነው?»

ሁለቱ ጠቅላዮች፣ ሽማግሌው፣ ባሏ፣ ወንበራቸው ላይ ያሉት አባቷ ሳይቀሩ እኩል ወደ ጠረጴዛው ጠቆሙ።

መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች፤ እጇን ጠረገችና ተነሣች።

«እኔ ነኝ። አውርዳቸውና ቁጥር ላስርባቸው። ስምንተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ና፤ ጭነት ላይ ሆነው ታያቸዋለህ።»